እናትየዋስ ምን አለች? ከኮምቦልቻ ቂርቆስ ደርሶ መልስ

ወስዶ በሰላም ለመለሰኝ ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ይህን የምጽፈው የሰፈራችን ሴቶች ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው፤ ብዙዎቹ አዲስ አበባን አላዩም፣ የሚያዩም አይመስላቸውም። ሠላሳ ዓመት ያህል ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ንባብ አስተምሬያለሁ። ራሴ ግን ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ሰዓዳ ትባላለች። አባቷ የሞተው ገና ትንሽ ሳለች ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቻይንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ ዘንድሮ ትጨርሳለች። አንድ ሐሙስ ቀን አብራት የምትማር የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣችና፣ «እትዬ ሐዋ፣ ሰዓዳ አልነገረችዎትም? ቻይና ሄዳ ማስተርሷን እንድትማር ተመርጣ ነበር እኮ። እማን ትቼ አልሄድም ብላለች። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መልስ ካልሰጠች ቦታው ለሌላ ይሄዳል» አለችኝ።

እኔ ስኳር አለብኝ። ባለፈው ዓመት ገበያ መሃል ወድቄ ጎረቤት ለሰዓዳ ደውሎላት ደንግጣ መጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትጠይቀኝ ደህና መሆኔን ብቻ ነው የምነግራት። በግራ እግሬ አውራ ጣት ሥር ቁስል ከወጣ ወር ማለፉን ለእሷም ለማንም አልነገርኩም።

ልጄ ቻይና እንድትሄድ ቆርጬ ተነሳሁ። እንደምመጣ ግን አልነገርኳትም፤ ብነግራት አትምጪ ትለኛለች።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግጄ መናኸሪያ ወረድኩ። የያዝኩት አንድ ሻንጣ ነው፤ ለዘይነብ ማር፣ ለሰዓዳ በሶ፣ ለራሴ ኪኒንና መስገጃ። ዘይነብ የአገራችን ሰው ናት። ሰዓዳ ከአራት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ካዛንቺስ ቤቷ ወስጄ አደራ የሰጠኋት ለእሷ ነው።

ከሚሴ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ቁርስ በላ፤ እኔ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ቀረሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ጨመረና ጫማዬን አወለቅሁ። ስህተቴ እሱ ነበር። ደብረ ሲና ስንደርስ እግሬ አብጦ ጫማው እምቢ አለ። ብገፋው፣ ማሰሪያውን ብፈታው አልገባም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነገሩን ስታይ ቆይታ ከፌስታሏ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አወጣች።

«እንኪ እቴ፣ አድርጊው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ደረስኩ። ቤቴ ያቺ ናት። ደግሞ ለአንቺ ይሰፋሻል፤ ሰፊ ጫማ ሰው አይጎዳም።»

ስሟን ሳልጠይቃት ወረደች። አላህ ይስጣት። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ወረደና እንደ እኛ የሐምሌ ጠዋት ያለ ብርድ አገኘን። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በሰው ነጠላ ጫማ፣ በወፍራም ካልሲ ሄድኩ።

ላምበረት ወርጄ፣ በመገናኛ በኩል ታክሲ ቀይሬ ካዛንቺስ ደረስኩ። የዘይነብን ቤት አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር ያለው ዳቦ ቤት ጋ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛው ግቢ። ታክሲው ያወረደኝ መንገድ ስፋቱ የእኛ አውሮፕላን ማረፊያ ያህላል። ዳቦ ቤቱ የለም። ወደ ቀኝ የሚወስደው መንገድ የለም። ግቢው የለም። ሣር አለ፣ መብራት አለ፣ ሰው የሚቀመጥበት ድንጋይ አለ። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድኩ።

የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ሲያየኝ ቆይቶ ተጠጋ።

«እማማ፣ ምን ጠፋዎት?»

«ሰፈር።»

ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፈረ። «ሰፈሩማ ተነስቷል እማማ። ይቀመጡ፣ እዚህ ጥላ አለ። የሚደውሉለት ሰው አለዎት?»

ስልኬ ባትሪው አልቆ ነበር። የሰዓዳን ቁጥር በቃሌ ስነግረው በራሱ ስልክ ደወለ። እስክትመጣ ከራሱ ምሳ ዕቃ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። እኛ አገር እንግዳ የሚያስተናግደው ባለቤት ነው፤ እዚህ በረኛው አስተናገደኝ።

ሰዓዳ ከመኪና ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«እማ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምንድነው? ብቻሽን? በዚህ ጫማ?»

«ስለ ቻይና ነው የመጣሁት» አልኳት።

ሻንጣዬን አነሳች። መኪና ውስጥ ቤት መቀየራቸውን ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ቤቱ ሲፈርስ ዘይነብ ቂርቆስ ተከራይታ ይዛት ሄዳለች፤ «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለች። አልፈረድኩባትም። እኔም የደበቅሁት ነገር ካልሲዬ ውስጥ ነበር።

እሁድ

የዘይነብ አዲሱ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ትንሿ የሰዓዳ ናት። ግድግዳው ላይ ሁሉ የቻይና ፊደል ተለጥፏል፤ በር ላይ የበር፣ መስኮት ላይ የመስኮት። ጠዋት በአንድ በኩል አዛን፣ በሌላ በኩል የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማል፤ በዚህ አገሬን መሰለኝ። የማይመስለው ውኃው ነው። እኛ ጋ ቦርከና ወንዝ ደጃችን ነው፤ እዚህ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣና ዘይነብ ጀሪካኖቿን እንደ ልጆቿ ትቆጣጠራለች።

«ስኳርሽን አልረሳሁም» ብላ የገብስ ቂንጬ አቀረበችልኝ። ማሩን ስሰጣት «ማር የማይበላ ሰው ማር ተሸክሞ ሲመጣ! አንቺ ዘንድሮም አልተሻለሽም» አለችኝ። ስታዲየም አካባቢ ሻርፕና የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ባሏ ጅቡቲ መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ስቆይ አንድ ቀንም አላየሁት።

ለሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ እግር ይታጠባልና፣ በሩን ቆለፍኩ። አምስቱንም ጊዜ ቆለፍኩ። ዘይነብ አስተውላለች፤ ያን ቀን ግን አልተናገረችም።

ከሰዓት ሰዓዳን አስቀምጬ ነገሩን ጀመርኩ። «ሂጂ» አልኳት። «አልሄድም» አለች። «ለምን?» ስላት «በቃ» አለች። በቃ የሚባል መልስ በእኔ ክፍል ውስጥ ተቀባይነት ኖሮት አያውቅም፤ ከእሷ ግን ሌላ አላገኘሁም።

ሰኞ

ደምበል የሚባለውን የገበያ ሕንፃ አሳየችኝ። ጥሩ ነው። እግሬ እንዳይታወቅብኝ ቶሎ እንመለስ አልኳት።

ቤት ገብተን የመመረቂያ ጽሑፏን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ርእሱ በቻይና የጥንት ተረቶች ውስጥ ያለው የሴት ልጅ ግዴታ ነው። ይህን ርእስ ለምን እንደመረጠች ያኔ ገባኝ፤ ግን ዝም ብዬ አደመጥኩ። ከቻይንኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች ነበር የምታነበው።

የአንዷ አባት አርጅቶ ለጦርነት ሲጠራ ልጁ የወንድ ልብስ ለብሳ በእሱ ፈንታ ዘመተች። ይህችን ወደድኳት፤ ስትመለስ አባቷ በሕይወት አለ። ሌላዋ ጉትቻዋንና አምባሯን አውልቃ፣ አላገባም ብላ፣ እናትና አባቷ እስኪሞቱ ጦረቻቸው። ንጉሡ ሸለማት። ሰዓዳ ይህን ስታነብ ድምፅዋ ሞቀ። ሦስተኛዋ እናቷ በጠና ታማ መድኃኒት ሲጠፋ ከራሷ ክንድ ሥጋ ቆርጣ ሾርባ ሠራችላትና እናትየዋ ዳነች።

«እናትየዋስ ምን አለች?» አልኳት።

«እ?»

«ስታውቅ ነዋ። የልጇን ሥጋ መብላቷን ስታውቅ ምን አለች?»

ወረቀቱን ገለጠች። «አልተጻፈም።»

«ያቺኛዋስ? አላገባም ያለችው? ወላጆቿ ምን አሉ?»

«እማ፣ በእነዚህ ተረቶች ወላጆቹ... ማለቴ፣ ይታመማሉ፣ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ። ብዙ አይናገሩም።»

«እኔ ግን እናገራለሁ» አልኳት።

ጽሑፏን አጠፈች። ቻይናዊት መምህርቷ ነገ ምሳ ጠርታናለች ብላ ተነሳች።

ማክሰኞ

መምህርት ሊን መስቀል ፍላወር አካባቢ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ሁሉንም ሰው አንቺ ትላለች፣ ወንዱንም ሽማግሌውንም። ስንደርስ መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቆሟል። ሰዓዳ «እንመለስ፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አለች። ሰው ምግብ ሠርቶ እየጠበቀ አይመለስም ብዬ በእግሬ ወጣሁ። አምስት ፎቅ።

እነሱም ቤት እንደ እኛ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ልዩነቱ የቤት ነጠላ ጫማ ያቀርባሉ። ለእኔ የቀረበው አዲስ፣ ውስጡ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነበር። ካልሲዬ ጥቁር ነው፤ አደረግሁት።

ይህችን ሴት አልረሳትም። የእኛን ሃይማኖት ጠይቃ አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ድስት፣ አዲስ ማንኪያ ገዝታለች። የመጥበሻው እጀታ ላይ የሱቁ ወረቀት ገና አልተላጠም። እንዳየው ብላ እያዞረች አሳየችኝና «ሐላል! ሐላል!» አለች። ሥጋ አላቀረበችም። ያቀረበችው ቲማቲም በእንቁላል፣ እንደ ክር የተቆረጠ ድንችና ሩዝ ነው። ቲማቲም በእንቁላሉ የእኛን እንቁላል ፍርፍር ይመስላል፤ ቃሪያ የለውም፤ ግን ይጣፍጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይቅርታ ጠይቃ ተነሳችና መስኮቱ ጋ ቆማ ስልክ ደወለች። ቻይና ያለችው እናቷ ናት፤ እዚያ ምሽት ሊሆን ነው። ወሬው አጭር ነበር። ሰዓዳ በጆሮዬ «በየቀኑ እንደዚሁ ናቸው፤ በላሽ? በላሁ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በቃ» አለችኝ።

ስትመለስ ጥያቄዬን አቀረብኩ። እናትየዋስ ምን አለች? ሰዓዳ አስተረጎመች። መምህርቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ለሰዓዳ ረጅም ነገር ነገረቻት። ሊቃውንቶቻቸው ሌላም ያስተምራሉ አለች። አንደኛ፣ ልጅ ከወላጅ የተቀበለችውን አካል መጉዳት የለባትም፤ ስለዚህ ያቺን ሥጋዋን የቆረጠችውን የነቀፉም ነበሩ። ሁለተኛ፣ ወላጅ ሲሳሳት ልጅ ዝም ማለት የለባትም፤ ድምፅዋን አለስልሳ ትነግራለች፤ ካልሰሙ ደግማ ትነግራለች። «የአንቺን ጥያቄ ግን እኔም አልጠየቅኩም» አለች።

ቀጥላ ወደ ሰዓዳ ዞራ በአማርኛ፣ «ይህችን ተማሪ፣ ስለ ግዴታ ጥሩ ጻፈች፣ ስለዚህ መረጥኩ። አሁን ስለ ግዴታ አልሄድም ትላለች። የእኔ ጥፋት!» ብላ ግንባሯን መታች። ሳቅን።

ስንወጣ ነጠላ ጫማውን አወለቅሁ። ግራው ውስጡ ቀይ ነበር። ነጩ ጨርቅ እስከ ተረከዙ በደም ርሷል። አላመመኝም፤ የስኳር ቁስል ክፋቱ አለማመሙ ነው። መጀመሪያ ያልኩት «መምህርት፣ ጫማሽን አበላሸሁብሽ፣ አጥቤ እመልሳለሁ» ነው።

ሰዓዳ ጫማውን አየች። ከዚያ እግሬን። ተንበረከከች፣ ካልሲውን ቀስ ብላ ሳበችው። መምህርቷ ውኃ አፍልታ አቀዝቅዛ አመጣች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችልኝ። ስንወርድ መብራት መጥቶ ነበር።

ረቡዕ

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቁስሉን እያጠበ፣ «እናቴ፣ ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ስለ ጣትዎ ሳይሆን ስለ እግርዎ ነበር የምናወራው» አለኝ። አጥንት አልነካም፤ አልሐምዱሊላህ። በየቀኑ እንዲታጠብ፣ እስከ ሰኞ እንድቆይ አዘዘ።

ሰዓዳ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ያዘች፣ መድኃኒት ገዛች፣ ደግፋ አስገባችኝ አስወጣችኝ። ማታ ዘይነብ ቤት ስንገባ ተናገረች።

«አየሽ? አየሽ እማ? በዚህ እግር ትቼሽ ልሂድ? አልሄድም። ከነገ ወዲያ ቀኑ ያልፋል፣ ይገላግለናል። በቃ።»

«በእኔ እግር ምክንያት አትቀሪም» አልኳት።

«በአንቺ እግር አይደለም የምቀረው። በአንቺ ውሸት ነው!»

ዘይነብ ጩኸቱን ሰምታ፣ ውጭ ያሰጣችውን ልብስ እንኳ ሳታስገባ ደረሰች። «ውዱእ ስታደርጊ በር ስትቆልፊ ነበር የገባኝ» አለችኝ። ከዚያ ለሰዓዳ፣ «አንቺም ድምፅሽን ቀንሺ። ይህ ነገር በሁለት ሰው አያልቅም። ሽማግሌ ይቀመጥበታል» አለች።

አልጋ ላይ ሆኜ ዱዓ አደረግሁ። ልጄ የተናገረችው እውነት ነበር። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ሐሙስ

በእኛ አገር ሽምግልና ከሁለት ወገን ነው። ዘይነብ «እኔን የእናቲቱ ወገን ነው የምትሉኝ፤ የልጅቱ ወገን ያስፈልጋል» ብላ መምህርት ሊን ጋ ራሷ ደወለች። በአማርኛ ነው የምትጮኸው፤ «ነይ! ዛሬ! ሻይ! ሽምግልና!» እያለች። መምህርቷ ምን እንደሰማች አላውቅም፤ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ አንድ ካርቶን ብርቱካን ይዛ መጣች።

ዘይነብ ዱዓ ከፈተች። መምህርቷ እኛን አይታ እጇን ዘረጋች፤ ሁለት ጊዜ ያለቦታው አሚን አለች።

«እንግዲህ ፈራጅ መሆኗን ንገሪያት» አለች ዘይነብ ለሰዓዳ።

«በራሴ ላይ ሲፈረድ እኔው ላስተርጉም?»

«ቻይንኛ የሚችል ሌላ የቂርቆስ ሰው ካወቅሽ ጥሪው።»

መምህርቷ መናገር ጀመረች። ረጅም ተናገረች፤ እጇም ተናገረ። ሲያልቅ ሰዓዳ፣ «ሂጂ ትላለች» አለች።

ዘይነብ ጉልበቷን መታች። «ያን ሁሉ አውርታ አንዲት ሂጂ? የሰው ቃል አትብዪ ልጄ፣ ያንቅሻል!»

መምህርት ሊን ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገችና በአማርኛ «እንደ ሥራ» አለች።

ይህን ላስረዳችሁ። ሰዓዳ አልፎ አልፎ ለቻይና ነጋዴዎች ታስተረጉማለች። የሙያው ደንብ አስተርጓሚ የሰውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ራሷ እንደምትናገረው አድርጋ እንድትናገር ነው። እሱ እንዲህ አለ፣ እሷ እንዲህ አለች አይባልም። መምህርቷ ያስተማረቻት ደንብ ነው። ልጄ ጀርባዋን አቀናች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። መምህርቷ እየቆረጠች ተናገረች፤ ሰዓዳም ተከተለች።

«እኔ ከእናቴ ቤት ስወጣ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። በየቀኑ እደውልላታለሁ። በላሁ ትላለች፣ በላሁ እላታለሁ። ማክሰኞ ዕለት ይህች እናት፣ እናትየዋስ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ትናንት ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት። ያን ቀን በር ላይ ምን እያሰብሽ ነበር አልኳት። ጫማሽ ስስ ነበር፣ እዚያ ይበርዳታል ብዬ እያሰብኩ ነበር አለችኝ። ሌላስ? አልኳት። ሌላ የለም፣ እንድትሄጂማ እፈልግ ነበር አለችኝ። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ።»

ዘይነብ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች። መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን አንቺ። እናት ትናገር።»

ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ ጥቂቱ ወጣ።

«ጧሪ ብትሆነኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም» አልኩ።

ሰዓዳ በቻይንኛ አለችው።

«ብቻዬን መሆን እፈራለሁ። መውደቅ እፈራለሁ።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ከአፌ ሰምታ አታውቅም። መምህርቷ ጠበቀቻት። ሰዓዳ ቀስ ብላ አስተረጎመችው፤ እፈራለሁ የሚለውን በራሷ አፍ፣ እንደ ራሷ ቃል።

«ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን አጠገቤ ተቀምጣ በር በር ስታይ እንዳላገኛት ነው። አባቷ ሲሞት ያልተሰበርኩት እሷ ታድጋለች ብዬ ነው። የምትሄድ ልጅ ነው ያሳደግሁት። ብትቀር እንደሞላልኝ አልቆጥረውም፤ የሠራሁት እንደፈረሰ ነው የምቆጥረው።»

ጀመረች፤ አቋረጠች። ማንም አልረዳትም። ሁለተኛ ጀመረች። ቻይንኛ አላውቅም፤ ግን ልጄ እኔን ሆና ስትናገር በድምፅዋ አወቅሁ። ስትጨርስ መምህርት ሊን ራሷን ነቀነቀች።

ሰዓዳ ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገች። «አሁን የራሴን ልናገር?»

«ተናገሪ» አለች ዘይነብ።

ድምፅዋን አለስልሳ ነው የተናገረችው።

«እማ፣ ተሳስተሻል። ቁስል ደብቀሽ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠሽ መጣሽ። እግርሽ ቢቆረጥ እኔ በየትኛው እግሬ ነበር ቻይና የምሄደው? ተሳስተሻል። ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት የስኳርሽን ልኬት ትልኪልኛለሽ፣ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም። እግርሽን በቪዲዮ ታሳዪኛለሽ፣ ሁለቱንም። ስትፈሪ ፈራሁ ትዪኛለሽ። አንድ ቀን ከደበቅሽኝ፣ አንድ ቀን እማ፣ ወላሂ ትምህርቱን ጥዬ እመጣለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የመጣሁት ልጄን ላሳምን ነበር፤ መታዘዙ ለእኔ ደረሰ። ቀላል አልነበረም። ልጅ እናቷን ስታዝዝ በእኛ ቤት አልተለመደም።

«እሺ» አልኩ።

ዘይነብ መረቀች። መንገዱን አቅናላት፣ አሚን። ለእናቷ ጤና ስጣት፣ አሚን። ይህችንም ቻይናዊት ከእናቷ አገናኛት፣ አሚን አልን። መምህርቷ ሰዓዳ እስክታስተረጉምላት ጠብቃ፣ ለብቻዋ አሚን አለች።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ሰዓዳ አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ መልሱን በስልኳ ላከች። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ መለሰባት። በአራተኛው ሄደ። «ገባ እማ» አለች። ተነስቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ።

ቅዳሜና እሁድ

ቁስል ማጠብ፣ መተኛት። ዘይነብ ተኚ ብላ ከለከለችኝ እንጂ ጀሪካን ላነሳ ሞክሬ ነበር። የመምህርቷን ነጠላ ጫማ አጥቤ ላክሁላት፤ ሌላ አዲስ ገዝታ፣ «ይህ የአንቺ ነው፣ ለሚቀጥለው ስትመጪ» ብላ በሰዓዳ እጅ መለሰችልኝ። ሐኪሙ እሁድ አይቶ በርትተዋል አለኝ፤ እግሬን እንዳልጫነው ምርኩዝ ሰጠኝ። ሰዓዳ ጋዙን እንዴት እንደምጠቀልል ሦስት ጊዜ አሠራችኝ፤ ሁለተኛውን አልወደደችውም፣ አስፈታችኝ።

ሰኞ

ላምበረት ሸኘችኝ። ሻንጣዬን ከላይ ሰቀለች፣ መስኮት በኩል አስቀመጠችኝ፣ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። ልትሰናበተኝ መስሎኝ ነበር። ረዳቱ ትኬት ሲሰበስብ ሁለት ሰጠችው።

«ይህ ምንድነው?»

«አድርሼሽ ልመለስ። ሳምንት ብቻ።»

«ነገ የፓስፖርት ቀጠሮ የለሽም?»

«ይዛወራል እማ። ሳምንት ምን አላት?»

ፊቷን አየሁት። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሰዓዳ» አልኳት፣ «ውረጂ።»

«እማ...»

«አሳጥቤ፣ አስጠቅልዬ፣ ሁሉን እሺ ብዬሻለሁ። አሁን የእኔ ተራ ነው። ውረጂ።»

ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። እጄን ሳመች፣ ጉልበቴን ሳመች፣ ወረደች። ከታች ሆና መስኮቱን መታ መታ አደረገች። አውቶቡሱ ሲዞር እስከማትታየኝ ድረስ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። አለቀስኩ፤ ግን አልጠራኋትም።

አጠገቤ ያለው መቀመጫ እስከ ደብረ ብርሃን ባዶውን ሄደ። እዚያ አንዲት አሮጊት ገቡና ተቀመጡበት። ጥቂት እንደሄድን ልጅ እንዳለኝ ጠየቁኝ።

«አንዲት አለችኝ። ቻይና ልትሄድ ነው።»

«ኸረ!» አሉ አሮጊቷ። እግሬን፣ ጋዙን፣ ምርኩዜን አዩ። «ታዲያ አንቺን ማን ሊጦርሽ?»

«እሷው» አልኳቸው።